የደጃፋችን ማዳበሪያ ለምን ይሸታል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

በሶዶ ከተማም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባ፣ በሁምቦ ሆናችሁ የምትከታተሉን አድማጮቻችን ሁሉ፣ የሚቻላችሁ ከሆነ ሬዲዮውን እንደያዛችሁ እስከ ግቢያችሁ በር ድረስ ብቅ በሉ። ከአጥሩ ጥግ ወይም ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ቆሟል። በአንዳንዱ ቤት አሮጌ ባልዲ ነው፣ በአንዳንዱ ቤት አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ነው፣ በብዙው ቤት ግን ማዳበሪያ ነው፤ ያው እህል ወይም ዩሪያ ይዞ የመጣው ነጩ ጆንያ፣ ዛሬ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት። አፉን ገለጥ አድርጉት። ገና ሳትጠጉ አፍንጫችሁን ከያዛችሁ፣ የዛሬው ዝግጅት ለእናንተ ነው።

ብዙዎቻችን ሽታውን እንደ ቆሻሻ ባሕርይ ተቀብለነዋል። «ቆሻሻ ነውና ይሸታል፤ ምን ይደረግ!» እንላለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። እስቲ ግን ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ እናንሳ። የብስኩት መጠቅለያ ይሸታል? ካርቶን ይሸታል? የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ? አይሸቱም። የሚሸተው የድንቹና የሽንኩርቱ ልጣጭ ነው፤ የወጥ ትራፊው፣ የበሰበሰው ቲማቲም፣ የሥጋው እርጋፊ፣ የሕፃኑ ዳይፐር ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም እርጥብ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጣጭን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አየር ይፈልጋሉ። አየር እስካገኙ ድረስ ልጣጩን ቀስ በቀስ ወደ አፈር ይለውጡታል፤ የሚወጣውም ሽታ ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ሽታ ነው፣ ማንንም አያስከፋም። ውኃ በዝቶ፣ ቆሻሻው ተጨፍልቆ አየር ሲታጣ ግን እነዚያ ይደክሙና አየር የማይፈልጉት ሌሎቹ ይበረታሉ። እነርሱ ሲሠሩ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ አሞኒያ፣ እንደተበላሸ ወተት የሚኮመጥጥ አሲድ ይለቃሉ። ያ ከበሩ ጀርባ የሚቀበላችሁ ግማት የዚህ ሁሉ ቅልቅል ነው። እና ልጣጩን በፌስታል አጥብቀን ቋጥረን ማዳበሪያው ውስጥ ስንወረውር፣ ሽታውን የዘጋን ይመስለናል እንጂ አየር በመከልከል ሽታ እንዲፈላ እያደረግን ነው። ፌስታሉ የተቀደደ ዕለት ማን ይጠጋዋል?

ይህን በእኔ ቃል ብቻ እንድታምኑ አልፈልግም። ዛሬ ማታ ሁለት ባዶ የድልህ ጣሳ ፈልጉ፤ ከሌለ ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ አጋማሹ ላይ ቆርጣችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ራት ሲሠራ ከሚወጣው ልጣጭ እኩል እኩል ዝገኑ። የመጀመሪያውን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሳው ውስጥ አስቀምጡ። በሁለተኛው ጣሳ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል የቀዘቀዘ አመድ ወይም ሰጋቱራ አድርጉ፣ ውኃው የተንጠፈጠፈ ልጣጭ ጨምሩ፣ ከላይ ደግሞ እስኪጠፋ ድረስ አመድ አልብሱት። ሁለቱንም ጥላ ውስጥ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጎን ለጎን አኑሩ። ሦስት ቀን ይቆዩ። ልጆች ካሉ እነርሱ ይጠብቁት፤ ለትምህርት ቤትም ይሆናቸዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ገጠሩ ግቢ እንሂድ። በወላይታ ገበሬ ዘንድ በቤቱ ዙሪያ ያለው፣ እንሰቱ፣ ቡናውና ጎመኑ የሚበቅልበት መሬት ዳርኩዋ ይባላል። ከዚያ ራቅ ያለው ማሳ ደግሞ ሾቃ ነው። የአፈር ተመራማሪው ፕሮፌሰር እያሱ ኤልያስ በኪንዶ ኮይሻ ገበሬዎች ዘንድ ሄደው ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ይህ የሁለት መሬት ልዩነት ነበር። ዳርኩዋ ጥቁርና ለም የሆነው ሲፈጠር ጀምሮ አይደለም። ለትውልድ የላሙ እበት፣ የምድጃው አመድ፣ የጎደሬው ልጣጭ፣ ከቤት የተጠረገው ሁሉ እዚያው ስለገባበት ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ዕቃ አልነበረም፤ አያስፈልግምም ነበር። እርጥቡ ከእንሰቱ ሥር ይገባል፣ እንሰቱ ያንኑ በልቶ ቤተሰቡን ይቀልባል።

ወደ ከተማ ስንመጣ ምን ሆነ? ግቢው ጠበበ። እንሰቱ ተነቅሎ ተጨማሪ ክፍል ተሠራበት፣ መሬቱ ሲሚንቶ ለበሰ። ልጣጩ ግን እንደ ድሮው በየቀኑ ከወጥ ቤት ይወጣል። መሄጃ ሲያጣ ማዳበሪያ ውስጥ ከፕላስቲክና ከጠርሙስ ጋር ተቀላቀለ። በአገራችን ከተሞች ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለው የሚበሰብስ ነገር ነው። ለእኔ የሽታው ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። ማዳበሪያውን ለማጽዳት ከመጨነቃችን በፊት ልጣጩን ወደ አፈሩ የሚመልሰውን መንገድ መልሰን መክፈት አለብን።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ዕቃ ብቻ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ለእርጥቡ ይቀመጥ፤ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት። ደጅ ያለው ማዳበሪያ ለደረቁ ብቻ ይቅር። በግ ወይም ላም ያለው ሰው የስኳር ድንቹንና የሙዙን ልጣጭ ትኩሱን ቢሰጥ ለባልዲው ብዙም አይተርፍም። የተረፈው በየማታው ወደ ጓሮ ጉድጓድ ይሄዳል። ጉድጓዱ ክንድ ከስንዝር ቢጠልቅ ይበቃል። አንድ እጅ እርጥብ በገባ ቁጥር ሁለት እጅ ደረቅ፤ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ የቦሎቄ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ ከግቢ የተጠረገ ቅጠል ይደረብበት። በሳምንት አንዴ በአካፋ ገልበጥ ማድረግ አየር ይሰጠዋል። ሦስት አራት ወር ሲሆነው ጥቁር፣ የሚፈረፈር ብስባሽ ይሆናል፤ ለጎመኑም ለአቮካዶውም። ጓሮ የሌለው ሰው ጎኑና ሥሩ የተበሳ አሮጌ ጀሪካን ውስጥ ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ በትንሹ ነው ግን ይሠራል። ሰጋቱራ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ።

ስለ አመድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አመድ እርጥበትን ይመጥጣል፣ የሚኮመጥጠውንም ሽታ ይሰብራል፤ እንደ ኖራ ያለ ጠባይ ስላለው ነው። ነገር ግን ከከሰል ምድጃ የወጣ አመድ ከላይ ቢቀዘቅዝም በውስጡ ፍሙ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ማታ የሞተ መስሎኝ የደፋሁት አመድ የፕላስቲክ ባልዲዬን ሥሩን አቅልጦ አድሮ፣ ጠዋት አጥሩ ሥር የነበረው ደረቅ ቅጠል ሲጨስ ነው የደረስኩት። ከዚያ ወዲህ አመዱን በብረት ጣሳ አሳድሬ ነው የምጠቀመው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሽታው የሚጠራው እንግዳም አለ። አንዲት የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች፤ የምትመርጠውም እርጥብና የሚበሰብስ ቦታ ነው። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። ትሉ ጥቂት ቀን በልቶ ሲጠግብ ከእርጥቡ ወጥቶ ወደ ደረቅ አፈር ይሸሻል፤ ማዳበሪያውን ስታነሡ ሥሩ የምታገኙት ቡናማ ፍሬ የመሰለው ነገር ትሉ ራሱን የሸፈነበት ነው። አየሩ ሞቅ ባለ ጊዜ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ማዳበሪያው በየሳምንቱ ከተነሣ ትሉ ዝንብ ሳይሆን ከግቢው ይወጣል። ሁለት ሳምንት ከቆየ ግን በገዛ ግቢያችን ዝንብ አርብተናል ማለት ነው። በበጋው ሙቀት ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ቢነሣ ይሻላል። በተነሣ ጊዜ ሥሩን መጥረግና አመድ መነስነስ አይረሳ፤ ያ ቡናማው ፍሬ እዚያ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ስለ ሕፃናት ዳይፐር ሳላነሳ አላልፍም፤ በከተማ ቤቶች ትልቁ የሽታ ምንጭ እርሱ ሆኗልና። ዳይፐር ከነሰገራው ተጠቅልሎ ወደ ማዳበሪያው መግባት የለበትም። ሰገራው መጀመሪያ ሽንት ቤት ይደፋ። ይህ ለሽታ ብቻ አይደለም። የትራኮማ በሽታን ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን የሚያዞረው የዝንብ ዓይነት በዋናነት የሚራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ሰገራ ላይ ነው። ውሻ ማዳበሪያውን ጎትቶ ዳይፐሩን መንገድ ላይ ሲበትን የምናየው ነገር ነው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አስቡት። ሰገራው ከተደፋ በኋላ ዳይፐሩን ወደ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ በወረቀት ሸፍናችሁ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በሚመጡበት ቀን ዋዜማ ብቻ አውጡት። ለሞዴስም እንዲሁ።

ዕቃውን ማጠብ ላይ ደርሰናል። «ውኃው ከየት ይመጣል?» የምትሉኝ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቧንቧው በተራ ለሚመጣበት ሰፈር የቆሻሻ ባልዲ በንጹሕ ውኃ እጠቡ ማለት አላዋቂነት ነው። ስለዚህ የማጠቢያው ቀን ልብስ የሚታጠብበት ቀን ይሁን። የመጨረሻው የልብስ እጣቢ ሳሙናም አለው፣ ብዙም አልቆሸሸም፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የሳህን እጣቢ ግን አይሆንም፤ ቅባት ስላለው ራሱ ይሸታል።

መጀመሪያ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን በደረቁ በእንጨት ፋቁት። ከዚያ ጓንት አጥልቃችሁ፣ ጓንት ከሌለ እጃችሁን ወፍራም ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ፣ በአሮጌ መጥረጊያ እሹት። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለት ቦታ አለ፤ ከአፉ ዙሪያ ያለው እጥፋትና የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ። ዝንቧ እንቁላሏን ከምትሸጉጥባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። አለቅልቁት። በረኪና ካላችሁ አሁን ነው ተራው። በረኪና በቆሻሻ ላይ ቢደፋ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ ሳሙና ያልነካውን ባልዲ በበረኪና ማጠብ ገንዘብ ማባከን ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ መጠን ካለ እርሱን ተከተሉ፤ ከሌለ ለአምስት ሊትር ውኃ አንድ የቡና ሲኒ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ይቆይና ይደፋ። በረኪናን ከሎሚም፣ ከሆምጣጤም፣ ከሌላ ከማንኛውም ማጽጃ ጋር አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሽንት ቤት ውስጥም አትድፉት፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ተመሳሳይ አደጋ አለው። ከጎመንና ከጉድጓድ ውኃ ራቅ ባለ መሬት ላይ ይስረግ። መጨረሻ ላይ ዕቃው ተደፍቶ ፀሐይ ላይ ይዋል። ከሁሉም በላይ የምወደው ማጽጃ ይህ ነው፤ ነፃ ነው፣ የሚቀላቀልበትም ነገር የለም።

ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ገልብጣችሁ አራግፉት፣ እጠቡት፣ አጥር ላይ ስጡት። እስኪደርቅ የሚተካው ሁለተኛ ማዳበሪያ ያስፈልጋችኋል። ከቻላችሁ ማዳበሪያውን ክዳን ባለው በርሜል ወይም ሰፋ ባለ ባልዲ ውስጥ አኑሩት። ክዳን ስል ደግሞ የግድ የተገዛ ክዳን አይደለም፤ አሮጌ ትሪ ወይም ጣውላ ሆኖ ድንጋይ ከተጫነበት ውሻ በቀላሉ አይገለብጠውም። ዕቃው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ሁለት ብሎኬት ይኑር። የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ጎን ይሁን፤ ሙቀት መበስበሱን ያፋጥነዋል።

የክዳኑ ነገር ለሶዶ የተለየ ትርጉም አለው። ከተማችን ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በዳሞታ ተራራ እግር ሥር ነው ያለችው፤ በበልግም በክረምትም ዝናብ ታገኛለች። አፉ የተከፈተ ማዳበሪያ ላይ አንድ ዶፍ ሲወርድበት ደረቁ ሁሉ እርጥብ ይሆናል፤ ከሥሩም ያ ጥቁር ፍሳሽ ይወጣል። ፍሳሹ ደግሞ ቆሞ አይቀርም፣ ቁልቁለት ነው። ከላይኛው ሰፈር የተንጠባጠበው በታችኛው ሰፈር ደጃፍ ያልፋል። ጎርፉ የያዘው ፌስታል ቦይ ይዘጋል፣ ቦዩ የተዘጋበት ሰው ቤቱ ውኃ ይገባበታል። ከዳሞታ ሥር ከሚነሡት አንዱ የሐመሳ ወንዝ በሁምቦ አድርጎ ወደ አባያ ሐይቅ ነው የሚወርደው፤ የእኛ ማዳበሪያ ፍሳሽ ጉዞው እስከዚያ ነው።

ስለ በዓል አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። በመስከረም አጋማሽ ጊፋታ ሲመጣ በየሰፈሩ በሬ ይታረዳል፣ ጮማው ከዳጣ ጋር ይቀርባል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። በበዓሉ ማግስት ግን የከተማውን ጥጋጥግ ማለፍ ያስቸግራል። አጥንትና የአንጀት ፈርስ ወደ ማዳበሪያ አይግባ። ፈርሱ የጓሮውን ጉድጓድ ብስባሽ ያዳብራል፤ ከላዩ ስንዝር አፈር ይልበስ እንጂ። አጥንቱም ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር። በሬውን በቅርጫ የተካፈሉ ጎረቤቶች ሥጋውን እንደተካፈሉ ሁሉ ጉድጓዱንም አብረው ቢቆፍሩ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ብዙ ተከራይ የሚኖርበት ግቢ ነው። ሰባት ስምንት ቤተሰብ፣ ከእነርሱም ጋር ተማሪዎች፣ አንድ በርሜል ይጋራሉ። የሁሉም የሆነ በርሜል የማንም አይደለም። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ኖሬያለሁ፤ ጠቡ ሁልጊዜ «ማን ደፋው?» የሚል ነበር፣ «ማን ያጥበው?» ያለ ግን አልነበረም። በኋላ አንዲት እናት ያመጡት መፍትሔ ሠራ። በርሜሉ ላይ የየክፍሉን ቁጥር በከሰል ጻፉ፤ በየሳምንቱ ተረኛው ቁጥር ይከበባል። ተረኛው በርሜሉን ያጥባል፣ የእርጥቡን ባልዲ ይገለብጣል፣ ለሰብሳቢዎቹ በር ይከፍታል። ቅጣት አልነበረም። ቁጥሩ በሁሉም ፊት መታየቱ በቃ። አከራዮች፣ እባካችሁ፣ የቤት ኪራይ ስትቀበሉ ለግቢው ክዳን ያለው በርሜልና ትንሽ የብስባሽ ቦታ መስጠት የእናንተ ድርሻ እንደሆነ አስቡበት።

ጋሪ እየገፉ በየበራችን የሚመጡትን ወጣቶችም አስቡ። የሽታውን ከባዱን ክፍል የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ምላጭና ስባሪ ጠርሙስ በጣሳ ውስጥ ተከድኖ ይሰጣቸው፤ በባዶ እጅ ነው ብዙ ጊዜ የሚያነሡት። ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና ፕላስቲኩን ለቁራሌው ብትለዩት ሸክማቸው ይቀላል፣ እናንተም ሳንቲም ታገኙበታላችሁ። ይህ መለየት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዝዞ ነበር። በ1995 ዓ.ም ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትምህርቶችም አንዱ የቆሻሻ አያያዝ ነው፤ የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጉድጓዱን የት እንደምትቆፍሩ ታሳያችኋለች።

ቆሻሻው ከበራችን ወጥቶ ሲሄድ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ ክምር ከየቤቱ በር በማዳበሪያና በገንዳ የወጣ፣ ልጣጭና ፕላስቲክ ያልተለየ፣ ለአሥርት ዓመታት የተደራረበ ነበር። ሶዶ ገና ብዙ ለማድረግ ጊዜ ያላት ከተማ ናት፤ ይህን የምለው ስለምወዳት ነው። ማቃጠልም መውጫ አይደለም። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ አለው፣ መጀመሪያ የሚተነፍሰውም እዚያው ግቢ የሚጫወተው ልጅ ነው።

(ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

አድማጮቻችን፣ ጣሳዎቹን እንዳትረሱ። ዛሬ ማታ ራት ሲሠራ አዘጋጁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ምልክት አድርጉበት። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት፣ ደጅ አውጥታችሁ ክፈቷቸው። አመድ የለበሰውን አስቀድሙ፤ የተቋጠረውን ፌስታል ግን ከቤት ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ፍቱት። ሁለቱንም ከዚያ ወደ ጓሮው ጉድጓድ ገልብጧቸው፤ ፌስታሉን ብቻ አስቀሩ።